ስለ ከተማው ምክር ቤት፣ ስለ ሰፈራችን ፕላንና ስለ ማመልከቻችን

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

ኮሚቴው «አንተ በመዝገብ ቤት ብዙ ዘመን የሠራህ ሰው ነህና ስለ ከተማው ምክር ቤትና ስለ ፕላን ጉዳይ ለአባላቱ ንግግር አድርግ» ብሎ ባዘዘኝ መሠረት እነሆ በፊታችሁ ቆሜአለሁ። እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። መሐንዲስ አይደለሁም፤ የሕግ ዐዋቂም አይደለሁም። ነገር ግን 31 ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስቀበል፣ ቁጥር ስሰጥ፣ ፋይል ሳወጣና ስመልስ ስለ ኖርሁ፣ አንድ ወረቀት እንዴት እንደሚሄድና የት ላይ ተኝቶ እንደሚቀር ዐውቃለሁ። የምናገረውም ከዚህ ከማውቀው ነው።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገርና ዝርዝሩን በኋላ እናየዋለን። ከተማ የሚሠራው በፕላን ነው። ፕላኑን የሚያጸድቀው ምክር ቤት ነው። ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት የተናገረ ሰው አስተያየት ሰጪ ይባላል። ከጸደቀ በኋላ የሚናገር ሰው አቤት ባይ ነው። ቤቱ ከፈረሰ በኋላ የሚናገር ሰው ግን አልቃሽ ነው። እኛ ለለቅሶ የተሰበሰብን ሰዎች ብንሆንም፣ ለቤት የሚለቀስ ለቅሶ በመተዳደሪያ ደንባችን ውስጥ የለም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆንብን ነው ይህን ሁሉ የምናገረው።

ለመሆኑ በከተማችን ላይ ሲወስን የኖረው ማን ነው? ከድሮው እንጀምር።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የአዲስ አበባን መሬት የሚመለከት ደንብ አወጡ። ከዚያ በፊት ቦታው ለየመኳንንቱ በሰፈር በሰፈር የተመራ ነበር፤ ዛሬም የራስ እገሌ ሰፈር፣ የደጃዝማች እገሌ ሰፈር ሲባል የምንሰማው የዚያ ቅሪት ነው። ደንቡ ከወጣ ወዲህ ግን ሰው ቦታውን አስለክቶ በወረቀት መያዝ፣ መሸጥና ማውረስ ጀመረ። ወረቀት ያለው ሰውና ወረቀት የሌለው ሰው በከተማችን መለየት የጀመሩት በዚያ ጊዜ ነው ለማለት ይቻላል።

ከዚያም ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ገባ። ጣልያን ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ የሚያኖር ፕላን አወጣ። ዋናው ገበያ ያን ጊዜ አራዳ ላይ፣ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ያንን ቦታ ለራሱ ያዘና የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ፣ ወደዚህ ወደ እኛ ገፋው። «መርካቶ» የሚለው ቃል ራሱ የጣልያን ቃል ነው፤ ገበያ ማለት ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዛሬ ተክለ ሃይማኖት፣ ሰባተኛ፣ ጎጃም በረንዳ፣ አውቶቡስ ተራ እያልን የምንኖርበት አሰፋፈር በወረቀት ላይ ከተሰመረ መስመር ጋር የተያያዘ ነው። ያን ጊዜ የጠየቀን የለም፤ የወራሪ ነገር ነውና አይደንቅም። ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ሄደ፤ ገበያው ግን እዚሁ ቀረ። መስመር አንዴ ከተሰመረ፣ ያሰመረው ሰው ቢሄድም መስመሩ ይቀራል።

ከነጻነት በኋላ በ1937 ዓ.ም. ስለ ማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። በዚህ አዋጅ የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት ተቋቋመ። ከንቲባውን የሚሾሙት ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ከነዋሪው ወገን በምክር ቤቱ የሚቀመጠው ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለው ሰው ነበር። ስለዚህ በእኛ ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖረው ሸማኔ፣ ልብስ ሰፊ፣ ተሸካሚ፣ ጠጅ ጣይ በከተማው ጉዳይ የሚናገርለት አልነበረውም። ፕላኑን የሚያወጡትም የውጭ ሰዎች ነበሩ። በ1940ዎቹ መጨረሻ እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማርየን አጠኑ። ከማዘጋጃ ቤቱ ሕንፃ ወደ ለገሃር ቁልቁል የሚታየው ሰፊ ጎዳና በዚያ ዘመን ፕላን ትልቅ ቦታ የተሰጠው ነው። ጎዳናው ያምራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ፕላን አውጪው ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ሲያይ ጎዳናው ይታየዋል እንጂ የጓሮው መንደር አይታየውም። ለጓሮው መንደር መናገር ያለበት የጓሮው ሰው ነው።

ቀጥሎ 1967 ዓ.ም. መጣ። እኔ ያን ጊዜ የ16 ዓመት ልጅ ነበርሁ። ሐምሌ 19 ቀን በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ኪራዩ አነስተኛ የሆነው፣ ከ100 ብር በታች ያለው ቤት ለቀበሌ ተሰጠ፤ ከዚያ በላይ ያለው በኪራይ ቤቶች ሥር ገባ። ኪራይ ተቀነሰ። ተከራይ የነበረው ሁሉ የቀበሌ ማኅበር አባል ሆነ፤ መረጠ፣ ተመረጠ። ይህን ማንም አይክድም። ችግሩ ግን ሌላ ቦታ ተወለደ። ጣራው ሲያፈስ ማን ያድሰው? የሚሰበሰበው ኪራይ ትንሽ ስለ ሆነ ቀበሌው ማደሻ የለውም። ተከራዩ ደግሞ «ቤቱ የኔ አይደለም» ይላል፤ ላድስ ቢልም ፈቃድ ጠይቅ ይባላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ብዙው ቤት አረጀ። ዛሬ በእንደ እኛ ባለ ሰፈር ካርታ ላይ «መልሶ ማልማት» ተብሎ የሚጻፍበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ያረጀነው ሰነፎች ስለ ሆንን ብቻ አይደለም፤ ይህ ይታወቅልን።

አሁን ስለ ወረቀት መተኛት አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1978 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የጣልያን ባለ ሙያዎች አብረው ያዘጋጁት ማስተር ፕላን ተጠናቀቀ። በሕግ የጸደቀው መቼ ይመስላችኋል? በ1986 ዓ.ም. ነው። ስምንት ዓመት! የአንድ ከተማ ሙሉ ፕላን ስምንት ዓመት ከተኛ፣ የእኛ የአንድ ገጽ ማመልከቻ ስድስት ወር ቢተኛ አይግረማችሁ። መተኛቱን እያወቁ ዝም ማለት ነው የሚያስገርመው።

ወደ አሁኑ አስተዳደር እንምጣ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከተማው ቻርተር፣ አዋጅ ቁጥር 361፣ ከተማውን በ10 ክፍለ ከተማ አዋቀረው። በ2013 ዓ.ም. ለሚ ኩራ ሲጨመር 11 ሆኑ። የከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫ አለው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ ሁለት ወረቀት እንደ ተሰጠን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ ሁለተኛው ለከተማው ምክር ቤት ነበር። በሁለተኛው ወረቀት ላይ ማንን እንደ መረጠ የሚያስታውስ እስቲ እጁን ያውጣ። (ጥቂት እጆች ታዩ።) ይኸው ነው እንግዲህ። የመረጥነውን ሰው ካላወቅን እርሱ እኛን እንዴት ያውቀናል?

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የጣራ ማደሻ ፈቃድ ሲፈልግ ወደ ምክር ቤት አባል ይሄዳል፤ ሰፈሩ በሙሉ በፕላን ሲነካ ደግሞ ወደ ወረዳው ፈቃድ ሰጪ ሄዶ ይጨቃጨቃል። ሁለቱም በር ተሳስቷል። በሮቹ እንደሚከተለው ናቸው።

አንደኛ፣ የከተማው ምክር ቤት ነው። ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ የከተማውን ፕላን ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይጠይቃል። ለአንድ ሰው ፈቃድ አይሰጥም። ለሰፈር የሚሆን ጥያቄ፣ ይኸውም የመንገድ፣ የአረንጓዴ ቦታ፣ የእድር ቤት፣ የገበያ ቦታ ጥያቄ ሲሆን ግን የምክር ቤት አባላችን ጆሮ ያስፈልገናል። ክፍለ ከተማውና ወረዳውም የየራሳቸው ምክር ቤት አላቸው፤ መነሻው ከዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ከንቲባውና በሥሩ ያሉት መሥሪያ ቤቶች ናቸው። የጸደቀውን በሥራ ላይ የሚያውሉ እነርሱ ናቸው። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታ፣ የፕላን ስምምነት፣ የግንባታና የእድሳት ፈቃድ፣ መኖሪያውን ወደ ሱቅ ለመለወጥ የሚቀርብ የአገልግሎት ለውጥ ጥያቄ፣ ይህ ሁሉ የሚታየው በእነርሱ ዘንድ ነው።

ሦስተኛ፣ የከተማው ፍርድ ቤት ነው። በ1995ቱ ቻርተር መሠረት ከማስተር ፕላን አፈጻጸም ጋር የተያያዘ የይዞታ፣ የፈቃድና የመሬት አጠቃቀም ክርክር ለከተማው ፍርድ ቤት ተሰጥቷል። ከዚህም ሌላ የአስተዳደር በደል የደረሰበት ሰው የሚያመለክትበት የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አለ፤ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመ ነው።

ደላላ የሚባል አራተኛ በር የለም። «እኔ ሰው አለኝ፤ ፋይልህን በሦስት ቀን አስጨርሳለሁ» የሚላችሁ ሰው ገንዘባችሁን እንጂ ፋይላችሁን አይጨርስም።

አሁን ደግሞ «የመሬት አጠቃቀም» ስለሚባለው ነገር። ስሙ ከባድ ይመስላል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንዲት እመቤት በቤቷ ውስጥ ማድ ቤቱ እዚህ፣ መኝታው እዚያ፣ እንግዳ መቀበያው በዚህ በኩል ብላ እንደምትደለድለው ማለት ነው። ከተማውም ይህ ለመኖሪያ፣ ይህ ለንግድ፣ ይህ ለፋብሪካ፣ ይህ ለአረንጓዴ፣ ይህ ለመንገድ ብሎ ካርታውን በቀለም ይቀባል። ቀለሙ ብቻ አይደለም፤ ስንት ፎቅ እንደሚሠራ፣ ከመንገዱ ምን ያህል ገባ እንደሚባል አብሮ ይወስናል። የጎረቤት ፎቅ ጥላ በሰው ቤት ላይ ሲወድቅ የሚጠየቀው ይህ ደንብ ነው። በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ ኢኩዊቴብል የሚባል ሕንፃ ከ35 ፎቅ በላይ ቀጥ ብሎ ተሠርቶ የአካባቢውን ፀሐይ ስለ ነሣ ሰው ጮኸ፤ በእኛ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. ከተማው ፎቅ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር ወደ ውስጥ እየሰበሰበ እንዲሠራ የሚያዝ ሕግ አወጣ። እንግዲህ የሠለጠነው አገር ሕግም ከጎረቤት አቤቱታ የመጣ ነው ማለት ነው።

በእኛው በመርካቶም ምሳሌ አለ። ፕላኑ «እዚህ ቦታ ላይ ከዚህ ከፍታ ያነሰ አይሠራም» ሲል፣ አንድ ባለ ሱቅ ብቻውን ያንን ፎቅ ሊሠራ አይችልም። አንዳንዱ ተስፋ ቈርጦ ተቀመጠ። ሌላው ግን ከጎረቤቱ ጋር ተነጋግሮ፣ አክሲዮን ማኅበር አቋቁሞ፣ በአንድነት ፎቅ ሠርቶ በቦታው ቀረ። ሄዳችሁ የምታዩት ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለተረት ብቻ አይደለም።

እንግዲህ ወደ እኛ ጉዳይ ልግባ። የከተማው ምክር ቤት በ2009 ዓ.ም. ያጸደቀው መዋቅራዊ ፕላን የ10 ዓመት ፕላን ነው። ቀኑን ቁጠሩት፤ ዘመኑ ወደ ማለቁ ነው። ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ፕላን እስኪጸድቅ ድረስ ለእኛ የመናገሪያ ጊዜ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ረቂቅ ፕላን ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት እንዲሰጥበት አዝዟል። ከዋናው ፕላን በታች ደግሞ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል አለ፤ የእያንዳንዱ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ መንገድና ቦታ በዝርዝር የሚወጣው በዚያ ነው። ወረዳው «ለፕላን ውይይት ኑ» ብሎ ሲጠራ ብዙዎቻችን «ስብሰባ ነው፤ አበል የለው፤ ምን ይሠራልኛል» እንላለን። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ይዋልና በቃለ ጉባኤው ላይ ግን «ነዋሪው ተወያይቶ ተስማምቷል» ተብሎ ይጻፋል። ያልሄደ ሰው ሳያውቅ ፈርሟል ማለት ነው።

ዝም ያሉ ሰፈሮች ምን እንደ ደረሰባቸው ከሩቅ አገር መጥቀስ አያስፈልግም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ልደታ ሲፈርስ ከአጠገባችን ነበርን። ብዙ ቤተሰብ የተሻለ ቤት አግኝቷል፤ የቀበሌ ቤት ተከራይም ምትክ የቀበሌ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ሲሰጠው ቆይቷል። ይህን እናመሰግናለን። ነገር ግን አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ፣ አንዱ ሌላ ዳር ሲደርሰው እድሩ ተበተነ። ጡሩምባ ቢነፋ ማን ይሰማል? በሌሊት ሰው ሲሞት ድንኳኑን ማን ይትከል? ሰዉ ለቀብር ሁለት ታክሲ ቀይሮ እየመጣ ጥቂት ዓመት ታገለ፤ በኋላ መዋጮውን ብቻ መላክ ጀመረ፤ ከዚያም ያ ቀረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያና አካባቢው በኮሪደር ልማት ሲነሣ ሁላችንም አይተናል። 40 ዓመት አብረው ቡና የተጣጡ ሰዎች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተለያዩ። የቤት ካሣ አለ፤ የጎረቤት ካሣ ግን በየትኛውም ሰንጠረዥ ላይ ተጽፎ አላየሁም።

ይህን ስል «ምንም ነገር አይነካ» ማለቴ አይደለም። ሐቁን እንናገር። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ እሳት ተነሥቶ የብዙ ሰው ሀብት ጠፋ። መደብሩ የተጠጋጋ፣ መንገዱ የጠበበ በመሆኑ እሳት አጥፊዎቹ እንደ ተቸገሩ ተነግሯል። የእኛስ መንደር ከዚያ በምን ይሻላል? ባለፈው ክረምት የአንዲት እናታችንን አስከሬን ስናወጣ ቃሬዛውን አግድም ማሳለፍ አቅቶን በጎን አዘንብለን እንዳወጣን ታስታውሳላችሁ። ሰው በሕይወቱ ባይመቸው እንኳ በክብር ሊወጣ ይገባል። መንገዱን ያጠበበው ማዘጋጃ ቤት ብቻ አይደለም፤ አጥራችንን በየዓመቱ አንድ አንድ ክንድ ወደ ውጭ የገፋነው እኛም ነን። ስለዚህ መንገድ ይከፈት ሲባል «አይሆንም» ብለን መነሣት አይገባንም። «ይከፈት፤ ነገር ግን እንዲህና እንዲህ ይደረግ» ማለት ነው የሚገባን።

አሁን ስለ ማመልከቻ አጻጻፍ ከሥራዬ የማውቀውን ልናገር።

የእድራችን ዕቃ ቤት ጉዳይ ምን እንደ ደረሰ ነባር አባላት ታውቃላችሁ። ስሙን በማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት የይዞታ ማረጋገጫ እንዲሰጠን አመልክተን ነበር። ከዓመት በኋላ ኮሚቴው ሲሄድ «በዚህ እድር ስም የተከፈተ ፋይል የለም» ተባለ። ሁለተኛ ሄዱ፤ የለም። ሦስተኛ ሄዱ፤ «እንደ አዲስ አመልክቱ» ተባሉ። ያን ጊዜ ነፍሳቸውን ይማርና የቀድሞው ጸሐፊያችን የማመልከቻውን ግልባጭ የገቢ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን እንደ ተመታበት በፖስታ አድርገው አስቀምጠውት ኖሮ አወጡት። በቁጥሩ መዝገቡ ሲገለጥ ፋይሉ ተገኘ። ለካስ ፋይሉ የተከፈተው በእድሩ ስም ሳይሆን በማመልከቻው ላይ በፈረሙት በቀድሞው ዳኛችን ስም ነው! መልሱም «የአካባቢው ፕላን ሲወጣ አብሮ የሚታይ» የሚል ሆነ። እነሆ እስከ ዛሬ እዚያው ላይ ነን። ድንኳናችን፣ ጎላችን፣ ብረት ድስታችን፣ 200 ወንበራችን ያለበት ቤት የሚቀጥለውን ፕላን ይጠብቃል። እኛ ካልተናገርን በካርታው ላይ ባዶ ቦታ ሆኖ ይታያል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ለጠየቀ ይሰጣል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የሚከተለው ነው። ማመልከቻ ሲጻፍ በድርጅቱ ስም ይጻፍ፤ የፈረመው ሰው ስምና ሥልጣን ከታች ይሁን። በአንድ ማመልከቻ አንድ ጉዳይ ብቻ ይጻፍ፤ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራትና ስለ መሬት በአንድ ወረቀት የተጻፈ እንደ ሆነ አንዱ ክፍል ወደ ሌላው እየመራው ይዞራል። ምሬቱ አጭር፣ ጥያቄው ግልጽ ይሁን። «በደል ደርሶብናል» ብቻ ብሎ ማቆም ምን እንደምንፈልግ አይናገርም። ቦታው የት እንደ ሆነ፣ ስፋቱ ስንት እንደ ሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደ ተያዘ ይጠቀስ፤ የመብራት፣ የውኃ፣ የግብር ደረሰኝ ይያያዝ። ካርታ የሌለው ነባር ይዞታ ሲጣራ በ1988 ዓ.ም. በተነሣው የአየር ፎቶግራፍ ላይ መታየቱ ይጠየቅ ስለ ነበር፣ የቈየ ማስረጃ ያለው ሁሉ ይጠብቀው። ዋናው ሲገባ ግልባጩ ላይ ማኅተም፣ ቁጥርና ቀን ሳታስመቱ ከመስኮቱ አትነሡ። «በኋላ እንመታዋለን» ቢሏችሁ ቁሙ። ያልተመዘገበ ወረቀት አልገባም። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለዋል አባቶች።

የጊዜ ገደብም አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው ለሕዝብ ጥቅም መሬት የሚለቀቅበት አዋጅ ቁጥር 1161፣ ባለ ይዞታው አቅም ካለው ቦታውን ራሱ በፕላኑ መሠረት እንዲያለማ ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር፤ ቅር የተሰኘም ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው አካል እንዲያቀርብ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በኋላ ማሻሻያ ስለ ወጣበት፣ ማስታወቂያ ሲደርሳችሁ ቀኑን ከወረቀቱ ላይ አንብቡ፤ ማንበብ የማይችል በዚያው ቀን ያስነብብ። ከፍርሃት የተነሣ ማስታወቂያውን አልቀበልም ብለው በር የሚዘጉ አሉ። በሩ ቢዘጋም ቀኑ መቈጠሩን አይተውም።

በመጨረሻ ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ አምስት ነው፤ ተወያይታችሁ ወስኑበት።

አንደኛ፣ ሦስት ሰዎች ያሉበት የፕላን ጉዳይ ተከታታይ ይመረጥ። ከሦስቱ አንዱ ወጣት፣ አንዷ ሴት ትሁን። ወጣቱ በስልኩ የሚወጣውን ማስታወቂያ ይከታተላል፤ እናቶች ደግሞ በየጓሮው ማን እንዳለ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ።

ሁለተኛ፣ የሰፈራችን ዝርዝር ይጻፍ። በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚኖር፣ ቤቱ የግል፣ የቀበሌ ወይም የኪራይ ቤቶች እንደ ሆነ፣ የታመመና አቅመ ደካማ ማን እንደ ሆነ በመዝገብ ይያዝ። «ብዙ ነን» ከማለት «ይህን ያህል ቤተሰብ ነን» ማለት ይሻላል፤ መሥሪያ ቤት የሚሰማው ቁጥር ነው።

ሦስተኛ፣ ጥያቄያችን በጽሑፍ ለወረዳው፣ ለክፍለ ከተማውና ለምክር ቤት አባላችን ይግባ። ጥያቄው የሚከተለው እንዲሆን አሳስባለሁ፤ ቃሬዛና የእሳት አደጋ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ይከፈትልን፤ የእድር ዕቃ ቤትና ድንኳን የሚተከልበት የጋራ ቦታ በካርታው ላይ ይመልከትልን፤ መነሣት ግድ የሆነ እንደ ሆነ ደግሞ አባላቱ በአንድ አካባቢ እንድንሰፍር ይደረግልን። ይህ ሦስተኛው የማይቻል የሚመስለው ይኖራል። ነገር ግን በኮንዶሚኒየም መንደሮች ውስጥ ነዋሪው የሚሰበሰብበትና ድግስ የሚያበስልበት የጋራ ቤት የተሠራው፣ ሕዝቡ በለቅሶና በሠርግ እንዴት እንደሚኖር ታስቦ ነው። ይህ ከታሰበ እድርም ሊታሰብ ይችላል።

አራተኛ፣ የምክር ቤት አባላችን በዓመት አንድ ጊዜ በዚህ ጉባኤ ላይ እንዲገኙ በደብዳቤ ይጠሩ። ለመስደብ አይደለም፤ ለመተዋወቅ ነው። ባይመጡም ደብዳቤው ቁጥር ይዞ ይቀመጥ።

አምስተኛ፣ የእድሩ ሰነድ ሁሉ፣ ቃለ ጉባኤው፣ ደረሰኙ፣ ግልባጩ በአንድ ሣጥን ይሁን። ሁለተኛ ግልባጭም በሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ። አንድ ቤት ቢቃጠል ወይም ቢፈርስ ሌላው እንዲተርፍ ነው።

አንዳንዱ ወንድሜ «ይህ ሁሉ ልፋት ነው፤ እነርሱ የወሰኑትን ይወስናሉ» ሊለኝ ይችላል። ሊሆን ይችላል። በመዝገብ ቤት ስኖር መልስ ሳያገኝ የቀረ ብዙ ማመልከቻ አይቻለሁ። ነገር ግን ሳይጻፍ መልስ ያገኘ ማመልከቻ አንድም ቀን አላየሁም። እኛ የምንሰበስበው የወር መዋጮ ሞት የሚመጣበትን ቀን ዐውቀን አይደለም፤ እንደሚመጣ ዐውቀን ነው። ፕላንም እንደዚያው ነው። ሲመጣ ተዘጋጅተን ይምጣብን።